ከሶኬቱ ጀምሮ

አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሳት ጥያቄ አንዲት ናት፤ «ኮር አይ ስንት ነው?» የሚል። ለሻጩም መልሱ ምላሱ ላይ ነው። «ኮር አይ ሰቨን!» ይልና «ሰቨን» የምትለዋ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ፣ አገጩን ቀና ያደርጋል። ገዢው ከንፈሩን ሰብሰብ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል፤ አብሮት የመጣ ጓደኛ ካለ ደግሞ በክርኑ ጎሸም ያደርገዋል። መገናኛ ሄዳችሁ ብትቆሙም፣ ፒያሳ ብትወጡም ይቺን ትንሽ ልውውጥ ታገኟታላችሁ። እኔ አትሰለቸኝም፤ የሰው ፊት በተስፋ ሲበራ ማየት መቼም ደስ ይላል።

ነገር ግን ሰቨኗ ብቻዋን ብዙ አትናገርም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኮር አይ 7-2600 የሚባለው ፕሮሰሰር አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነበረው፤ በ2022 የወጣው ኮር አይ 3-12100ም ያው አራት ኮርና ስምንት ትሬድ ነው ያለው። በስም ዝቅ ያለው ታናሹ ጌም ላይ ሲቀመጥ ታላቁን ጥሎት ይሄዳል፤ ምክንያቱም በመካከላቸው ባለፉት ዓመታት እያንዳንዷ ኮር በአንድ ምት የምትሠራው ሥራ እጅግ አድጓል። እውነተኛውን ወሬ የሚያወሩት ከሰረዟ በኋላ ያሉት አሃዞች ናቸው፤ 2600 ሁለተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ 12100 አሥራ ሁለተኛ። ማዕረግ የጠየቀ ማዕረግ ይሸጥለታል፤ ዕድሜ የጠየቀ ዕቃ ይሸጥለታል።

ይህን ማንሳቴ ጌም የሚጫወቱበትን ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ገዝተው ቤታቸው የሚገጣጥሙ ልጆች በየሰፈሩ ስለበዙ ነው። ታላላቆቻቸው ፕሌይስቴሽን ቤት ደጃፍ ተሰልፈው፣ በጨዋታ እየከፈሉ፣ የተሸነፈ እየተነሳ ነው ያደጉት። እነዚህኞቹ የራሳቸው ጠረጴዛ ላይ፣ የራሳቸው ወንበር ላይ መቀመጥ አማራቸው፤ ደግ አማራቸው። ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጡት እያሰቡ፣ ገና ሳንቲም ሳይዙ ግን አንድ ነገር እጃቸው ይገባል፤ ዝርዝር። ዝርዝሩ የሚጻፈው ስልካቸው ውስጥ ነው፤ ማታ ማታ ይሰረዛል፣ ይታከልበታል፣ ለጓደኛ ይላካል፣ ከጓደኛ ተተችቶ ይመለሳል። የማየት ዕድል ካገኛችሁ አንደኛውን መስመርና የመጨረሻውን መስመር አስተያዩ። አንደኛው ላይ የግራፊክስ ካርዱ ስም ከነአምራቹ፣ ከነሚሞሪው መጠን፣ አንዳንዴም ከነቀለሙ ተጽፎ ይገኛል። መጨረሻው ላይ «ፓወር ሰፕላይ፦ የተገኘው» ይላል። የኮምፒውተሩን ሁሉ ቀለብ የሚሰፍረው ዕቃ ከሁሉ በታች፣ ያለ ስም፣ ያለ ቀለም። እኔ ብጠየቅ ዝርዝሩን ገልብጬ ከግድግዳው፣ ከሶኬቱ እጀምረው ነበር።

እንዲህ እንዳስብ ካደረጉኝ ሰዎች አንዷ ስለ ኮምፒውተር ምንም የማያውቁ እናት ናቸው። ሱቅ ውስጥ ከልጃቸው ጋር ቆመዋል፤ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። እሳቸው ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ሆዳቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸው ከልጃቸው ፊት ወደ ሻጩ፣ ከሻጩ ወደ ባንኮኒው ይመላለሳል። ሻጩ ጥቁሯን የፓወር ሰፕላይ ሳጥን አስቀመጠና «እናቴ፣ ይሄ አምስት መቶ ዋት ነው፤ ከበቂ በላይ ይሆነዋል» አላቸው። ሳጥኗን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጓት። «እሳት አያስነሳም አይደል፣ የኔ ልጅ?» አሉ። ልጃቸው አንገቱን ደፍቶ «እማዬ ደግሞ!» አለ በሹክሹክታ፤ ሻጩም ፈገግ አለ። እኔ ግን እዚያ በቆምኩበት ሰዓት ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ የሳቸውን የሚያህል አልሰማሁም።

መልሱ ሳጥኗ ጎን ላይ ተለጥፏል። «500 ዋት» በትልቁ ይጻፋል፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል 3.3 ቮልት፣ 5 ቮልት፣ 12 ቮልት የምትል ሰንጠረዥ አለች። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም የሚበሉት በዋናነት ከ12 ቮልቷ ነው። እሷ ሥር 25 አምፒር ብቻ ተጽፎ ካገኛችሁ አሥራ ሁለትን በሃያ አምስት አባዙት፤ 300 ዋት ነው። የቀረው 200 ለጌም እምብዛም በማይጠቅም መስመር ላይ ተበታትኗል፤ አለዚያም ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው ያለው። ደህና ሳጥን 12 ቮልቷ ብቻዋን በትልቁ የተጻፈውን ዋት ልትሞላ ትቃረባለች። «80 ፕላስ» የሚለው ምልክትም ከግድግዳው የተሳበው ኮረንቲ ምን ያህሉ ሳይባክን ኮምፒውተሩ ጋ እንደሚደርስ ነው የሚናገረው እንጂ፣ የእናትዬዋን ጥያቄ አይመልስም። የሳቸውን የሚመልሰው ውስጥ ያለው መከላከያ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ወይም ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ራሱን የሚያጠፋው። ጥሩ ጥሩዎቹ ይህ ሁሉ አላቸው፤ ርካሾቹ መጀመሪያ የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

የቆዩ ባለሙያዎች ወረቀቱን ሳያነቡም አንድ ነገር ያደርጋሉ። ሁለት ሳጥኖች በግራና በቀኝ እጃቸው ያነሳሉ፤ እጃቸውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ ይሰቅላሉ፤ ከዚያ አንዱን ብቻ ባንኮኒው ላይ መልሰው ሌላውን ወደ መደርደሪያው ይሸኙታል። መዳቡና ማቀዝቀዣ ብረቱ የተቀነሰበት ሳጥን ይቀልላል። ክብደት ምስክር ባይሆንም ፍንጭ ይሰጣል።

ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣው አሮጌ ኮምፒውተር ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ጀርባውን አዙሩና እዩት። በአንዳንዶቹ ላይ ቀይ፣ ትንሽ፣ በካቻቢቴ ጫፍ የምትገፋ ማብሪያ ማጥፊያ የምትመስል ነገር አለች፤ በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ትላለች። እዚያ አሜሪካ ስትሠራ የኖረችው 115 ላይ ሆና ነው። የኛ ግድግዳ 220 ነው። ሳይገፏት ስፒናውን የሰኩ ሰዎች ጧ የሚል ድምፅ ሰምተው፣ ጭስ ሸትተው፣ ዕቃውን ለጠጋኝ ወስደዋል። ብዙዎቹ አዳዲሶች ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ራሳቸው ያስተናግዳሉ፤ ቀይዋ ነገር የለባቸውም።

ስለ ግድግዳ ካነሳን ስለ ዲቫይደሩም እናንሳ። በብዙ ቤት ሳሎን ውስጥ አንዲት ነጭ ዲቫይደር አለች፤ ቴሌቪዥኑ፣ ዲኮደሩ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ አንዳንዴም ፍሪጁ ተንጠልጥለውባታል፤ የቀረች አንዲት ቀዳዳ ካለች እሷ ላይ ነው ኮምፒውተሩ የሚሰካው። መብራት ሲጠፋ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይነሳል፤ ማንም ሳያዘው፣ በዳበሳ ሄዶ የፍሪጁን ስፒና ይነቅላል። ይህ ዕውቀት ከየትም ትምህርት ቤት አልመጣም፤ ስንት ፍሪጅ ተቃጥሎ የተገኘ ነው። ኮረንቲ ሲሄድ ዕቃውን ያን ያህል አይጎዳም፤ ሲመለስ ነው ጉዱ። ኮምፒውተሩም እንደ ፍሪጁ ሊነቀል ይገባዋል፤ ሰፈሩ «መጣ!» ብሎ ሲጮህ ግን የልጁ እጅ ቶሎ ወደ ስፒናው ይሮጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መብራቱ እስኪረጋ ቢጠብቅ ምንኛ ደግ ነበር።

የእንጀራ ቀን ደግሞ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ እሱ ሲሰካ የቤቱ አምፖል ደብዘዝ ሲል ያላየ ያለ አይመስለኝም። ሽቦው ቀጭን በሆነበት ቤት ቮልቱ ይወርዳል፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒውተርም ልጁ ጎል ሊያገባ ሲል ድርግም ይላል። ጌም የሚጫወቱ ልጆች እናታቸው እንጀራ የምትጋግርበትን ቀን እንደ በዓል ቀን ያውቁታል። ስሌቱን ካየነው ግን ኮምፒውተሩ ከምጣዱ አጠገብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ራይዘን 5 5600 የሚባለው ፕሮሰሰር ልኩ 65 ዋት ነው፤ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ 115 ዋት፤ ማዘርቦርዱን፣ ራሙን፣ ኤስኤስዲውንና ፋኖቹን ጨምራችሁ ጌም በጋለበት ሰዓት 250 ዋት አካባቢ ነው። የምጣዱን አንድ አሥረኛ አይሞላም። ስለዚህ ደህና 550 ዋት ሳጥን ግማሽ ያህል ተጭኖ፣ ሳይጨናነቅ ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ዩፒኤስ የሚገዛም ሰው ልብ ይበል፤ በትልቁ የሚጻፈው 650 ቪኤ እንጂ ዋት አይደለም፤ ወደ ዋት ሲመነዘር ብዙውን ጊዜ 400 አይሞላም። ለዚህኛው ኮምፒውተር ያ ይበቃል፤ ጨዋታውን ለመጨረስ ሳይሆን ሴቭ አድርጎ ለማጥፋት።

አሁን ወደ ካርዱ እንሂድ፤ የልጆቹም ልብ እዚያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ካርድ ከውጭ በዶላር የሚገዛ ስለሆነ የልጆቹ ዝርዝር ያኔ ሲናጋ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሻጩ ዋጋ ሲናገር «የዛሬ ነው» ብሎ ይጨምራል፤ ነገ ለሚመጣ ሰው ቃል አይገባም። እናም ብዙ ካርድ አገር የሚገባው በሰው ሻንጣ ነው፤ ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን፣ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ ካልሲ ተጎዝጉዞለት። አክስት ቦሌ ወርዳ ቤት ትደርስና ሻንጣውን ትከፍታለች፤ ልጁ ካርዱን በሁለት እጁ ተቀብሎ ያገላብጠዋል፣ ይስመዋል ለማለት ጥቂት ሲቀረው «አክስቴ፣ ካርቶኑስ?» ይላል። «ቦታ ያዘብኝ፣ ጣልኩት።» ልጁ ምስጋናውን ሳያጎድል ለአፍታ ዝም ይላል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ስንት ሌሊት ስልኩ ላይ ሲያየው እንዳደረ አክስት አታውቅም። ሻንጣ የምትሞሉ ዘመዶች ሆይ፣ ካርቶኑን ጠፍጥፋችሁም ቢሆን አምጡለት።

አዲስ ለማይደርስበት ዩዝድ አለ፤ አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. መስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቆም፣ ሌት ተቀን ሲሠሩ የከረሙ ካርዶች በየአገሩ ገበያውን አጥለቀለቁት። ቺፑ ብዙ ጊዜ ይችላል፤ የሚደክመው ፋኑና የደረቀው ማስተላለፊያ ቅባት ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ አስነስታችሁ ግማሽ ሰዓት ጌም አስኪዱበት፤ ፋኑን ስሙት፣ ሙቀቱን አንብቡ፣ ብሎኖቹ ጭረት ይኖርባቸው እንደሆነ እዩ። «ቸኩያለሁ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እናንተም ቸኩላችሁ ውጡ።

እኔ በተለይ የምወደው ግን ሌላውን መንገድ ነው፤ ከመሥሪያ ቤት ጡረታ የወጣውን ኮምፒውተር። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ ናቸው፤ ዓመታት ሙሉ ሠንጠረዥና ደብዳቤ ሲጻፍባቸው ኖረው ዩዝድ ሆነው ይመጣሉ። ጠንካሮች ናቸው። የቀጫጭኖቹ ፓወር ሰፕላይ የራሳቸው ቅርጽ ስለሆነ በሌላ አይተካም፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ትርፍ ገመድም አብዛኞቹ የላቸውም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ማስገቢያ ግን ራሷ እስከ 75 ዋት ትሰጣለች፤ በዚያ ብቻ የሚያድሩ ካርዶች አሉ። ጂቲኤክስ 1650 ብዙው ዓይነቱ ገመድ አይፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋ አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ይበቃዋል። አጭሩን ዓይነት ፈልጋችሁ ሰኩት፤ የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ጂቲኤ ፋይቭ የተባለውን ጌም ያለ ችግር ያስኬዳል። በልክ የታወቀ ትንሽ፣ ያለ ልክ ከተመኙት ትልቅ ይሻላል።

ራም ላይ አንድ ቃል ብቻ፦ አንድ ባለ 16 ጊጋ ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋ ግዙ። ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ሲቀዳ ይፈጥናል፤ ልዩነቱ ጌም ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ አምራቾቹ ፊታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ወደሚሠሩት የመረጃ ማዕከላት በማዞራቸው የራም ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል፤ ስለዚህ የወንድማችሁ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ዲዲአር 4 ካለ ፈልጉት፤ ማዘርቦርዱ ዲዲአር 4 የሚቀበል መሆኑን ግን አረጋግጡ፤ ጎድጓዱ ቦታው ስለሚለይ ዲዲአር 5 ላይ አይገባም። ሲገባ ደግሞ በሁለት አውራ ጣት ጫን ነው፤ ጠቅ የምትለዋን ድምፅ ሳትሰሙ አትነሱ።

ካርዱን ከመምረጥ በፊት መመረጥ ያለበት፣ ግን ማንም አስቀድሞ የማይመርጠው፣ ስክሪኑ ነው። ስክሪኑ ሳሎን ያለው 60 ኸርዝ ቴሌቪዥን ከሆነ በሰከንድ 60 ሥዕል ነው የሚያሳየው፤ ካርዱ 200 ቢያመርትለት አብዛኛው ሳይታይ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ ላይ «ጌም ሞድ» የምትል ምርጫ ካለች አብሯት፤ እጅና ዓይን ይቀራረባሉ፤ ነጻ ነው። ኦንላይን ለሚጫወት ደግሞ የትኛውም ካርድ የማያሳጥረው መንገድ አለ። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ቢሆን ከአዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 5,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ደርሶ መልሱ ብቻ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበልጣል፤ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ልጁ ይህን የደርሶ መልስ ጊዜ «ፒንግ» ብሎ «ፒንግ ገደለኝ» ሲል እውነቱን ነው፤ ለዚያ ብሎ ግን ካርድ አይግዛ።

አዲስ አበባ ላይ የሚገጥም ሰው የአየሩን ነገርም ቢያስብ መልካም ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፈን ነው የተቀመጥነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ ያው ይሽከረከራል፤ የሚገፋው አየር ግን ቀለል ስለሚል ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ከተማችን ቀዝቃዛ መሆኗ ይክሰናል። ድሬዳዋ ያለው ልጅ አየሩ ወፈር ይልለታል፤ ሙቀቱ ደግሞ የራሱን ዋጋ ያስከፍለዋል። ዝናቡ ቆሞ አቧራው ሲነሳ ኬዙን ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ የሚጠርግ ሰው ስታገኙ እጁን ተመልከቱ፤ በቀኙ እየጠረገ በግራ እጁ አንድ ጣት የፋኑን ክንፍ ይዞ ያቆየዋል፤ እንዳይሽከረከርና ዘንጉ እንዳይጎዳ ነው። ዕቃውን የሚወድ ሰው በዚያች ጣት ይታወቃል።

ኬዙስ? ልጆቹ መስተዋት ያለውን፣ ቀለም በቀለም የሚያበራውን ይወዳሉ። ሻጩም ያውቃል፤ የሱቁን መብራት አጥፍቶ ነው የሚያሳያቸው፤ ጨለማው ውስጥ ፊታቸው ሐምራዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቀይ ሲሆን ማየት ያምራል። ይግዙት፤ ደስታም ከዕቃው አንዱ ክፍል ነው። የጎኑን መስተዋት ሲፈቱ ግን የኮንዶሚኒየሙ ወለል ሴራሚክ ከሆነ እዚያ ላይ አያቁሙት። ያ ዓይነት መስተዋት ፊቱ ጠንካራ ነው፤ ጠርዙ ሴራሚክ ሲነካ ግን በአንዴ ብትንትን ይላል። ፎጣ ወይም ብርድ ልብስ ያንጥፉ።

ገንዘቡ አልደርስ ሲል፣ መቼም አልደርስ ማለቱ አይቀርም፣ ከካርዱ አንድ ደረጃ ውረዱ እንጂ ከፓወር ሰፕላዩ አትቀንሱ። ሌላው ዕቃ በኋላ ቀስ በቀስ ይሻሻላል፤ ኤኤም 4 የተባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ማስገቢያ ያለው ማዘርቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለዓመታት አዲስ ፕሮሰሰር ሲወጣለት ቆይቷል፤ ባዮሱን አድሰው የድሮውን ቦርድ ዛሬም የሚጠቀሙበት አሉ። ካርድ ይሸጣል፣ ይለወጣል፤ ራም ይጨመራል። ርካሽ ሳጥን ሲቃጠል ግን አብሮት የሚሄደውን ማንም አይመርጥም። ልጃችሁ ወይም ታናሽ ወንድማችሁ ዝርዝሩን ይዞ ከመጣ «ጥሩ ነው» ብላችሁ ስልኩን አትመልሱለት፤ የፓወር ሰፕላዩን ስም ሞልቶ እንዲያመጣ ላኩት፤ ሱቅም አብራችሁት ሂዱ፤ ሻጩን ሳጥኗን አዙረህ 12 ቮልቷን አሳየን በሉት።